ጣት መዛኙ ተከስተ

ተከስተ በየጠዋቱ የጥርስ ብሩሹን በአፉ እንደያዘ ወደ ግቢያችን የቆርቆሮ በር ይሄዳል። በጣቱ አንጓ አንዴ ቀስ አድርጎ፣ አንዴ ጠንከር አድርጎ ይመታዋል። ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ከዚያ በሩ ትናንት የተሰጠውን ምክር ሳይሰማ ያደረ ይመስል ራሱን ይነቀንቅና ሊጉመጠመጥ ወደ ቧንቧው ይመለሳል። ዝናብ ቢዘንብም፣ በዓል ቢሆንም አይቀርም።

እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። የተንጋደደ ሥዕል ሳያቃና የማያልፍ፣ የሰው ኮሌታ ሳያስተካክል ሰላም የማይል፣ ወጥ ቀምሶ «ግሩም ነው» ካለ በኋላ «ግን…» ብሎ የሚቀጥል። ክፉዎች አይደሉም። እግዚአብሔር ዓለምን በስድስት ቀን ፈጥሮ በሰባተኛው ሲያርፍ፣ «ምነው ያቺን ቀን ለእኔ በተወልኝ» ብለው የሚቆጩ ሰዎች ናቸው። ለእኛ ግቢ የደረሰን ክቡር አቀናባሪ ተከስተ ነው።

ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ፣ በግቢያችን ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ስቱዲዮ አለው። ስቱዲዮ ስል መስኮቷ በፍራሽ የተደፈነ፣ ግድግዳዋ በእንቁላል ካርቶን የተለበጠ ክፍል ማለቴ ነው። የቅዳሴው ድምፅ ማጉያ ሲከፈት ቀረጻ ይቆማል፤ ሲዘጋ ይቀጥላል። አከራያችን እማማ ፍረወይኒ ለመጀመሪያ ጊዜ የገቡ ቀን ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች አይተው፣ «አንተ ልጅ፣ ይህን ሁሉ እንቁላል ብቻህን ነው የበላኸው?» አሉት። እስከ ዛሬ ድረስ ሲያስነጥሰው ከእንቁላሉ ነው ይላሉ።

ሥራው ምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። እኔ ኪቦርድ ሲነኩት ድምፅ የሚያወጣ ዕቃ ይመስለኝ ነበር።

«ድምፅ አያወጣም» አለኝ አንድ ቀን፣ ሃይማኖቱን እንደሰደብኩበት ሁሉ ተቆጥቶ። «መልእክት ነው የሚልከው። ሚዲ ይባላል። የቱ ቁልፍ ተመታ፣ መቼ ተመታ፣ በምን ያህል ጉልበት ተመታ፤ በቃ፣ ይችን ብቻ ለላፕቶፑ ይነግረዋል። ድምፁን የሚያወጣው ላፕቶፑ ነው።»

በጣትና በድምፅ መካከል ትንሽ ባዶ ቦታ አለች ማለት ነው። ተከስተ የሚኖረው እዚያች ባዶ ቦታ ላይ ነው። ስክሪኑ ላይ ትንንሽ ሳጥኖች ይደረድርባታል። አንደኛዋ ሳጥን አንድ ቁልፍ ሲነካ ሁለት ጓደኞች ጨምራለት ኮርድ፣ ማለትም አብሮ የሚሰማ ሦስት ድምፅ፣ ታደርገዋለች። ሌላዋ የጣትን ጉልበት ትቆጣጠራለች፤ የደከመውን ትደግፋለች፣ የሚደበድበውን ታባብላለች። ይህ ጉልበት ቬሎሲቲ ይባላል። የሚለካውም እስከ መቶ ሃያ ሰባት ነው።

«ለምን መቶ ሠላሳ አልሆነም?» ብለው ጠየቁት እማማ ፍረወይኒ።

«ሲሠራ እንደዚያ ነው የተሠራው፣ እማማ።»

«ታዲያ ሦስቷን ማን ወሰዳት?»

ተከስተ ይህን ቁጥር ከለመደ በኋላ ዓለም ተበላሸችበት። በሩን ስታንኳኩ «ማነው?» አይልም፤ «ዘጠና!» ይላል ከውስጥ። እኔ አንዴ ሳንኳኳ፣ «አሥራ ዘጠኝ። ሰው ነሽ ድመት?» አለኝ። ቄራ ሥጋ ሊገዛ ሄዶ ሰልፉን አስቁሞ ነበር። ባለ ሥጋ ቤቱ ጋዲሳ አጥንት እየሰበረ ነው።

«ጋዲሳ፣ ወንድሜ፣ ሁሉንም እኮ መቶ ሃያ ሰባት ነው የምትመታው።»

«ምኑን?»

«መጥረቢያውን። አንዱን ጠበቅ፣ አንዱን ላላ አድርገው።»

«ላላ ካደረግኩት አጥንቱ አይሰበርም።»

«ነፍስ ግን ይኖረዋል።»

«የበሬው ነፍስ ጠዋት ወጥታለች» አለ ጋዲሳ፣ መጥረቢያውን ከፍ እንዳደረገ። «አንተስ ልትወጣልኝ ነው ወይስ ትገዛለህ?»

ታክሲ ውስጥም እንደዚሁ ነው። ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ካዛንቺስ! ካዛንቺስ! ካዛንቺስ!» ይላል። ክቡር አቀናባሪ መታገሥ አልቻለም።

«ወንድሜ፣ ሦስቱንም እኩል ነው የምትላቸው። ሁለተኛዋን ለስለስ፣ ሦስተኛዋን ደግሞ…»

«ወራጅ አለ!» አለ ረዳቱ ለሾፌሩ።

«ኧረ የለም።»

«አለ። አንተ ነህ።»

ተከስተ ወረደ። በሩ ሊዘጋ ሲል ግን ዞር ብሎ፣ «አሁን ያልካት ግን ጥሩ ናት፤ መቶ አሥር ትሆናለች» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከጎኑ ስለነበርኩ እኔም ወርጄ ነበር።

ደንበኞቹም ከዚህ አያመልጡም። ናኦድ የሚባል የባንክ ሠራተኛ ዘፈን ሊቀርጽ መጥቶ ኪቦርዱን ራሴ ካልተጫወትኩ አለ። ተጫወተ። እያንዳንዷን ቁልፍ ቼክ ላይ ማኅተም እንደሚያሳርፍ ሰው አንድ ዓይነት አድርጎ መታት። ተከስተ ዓይኑን ጨፍኖ እስኪጨርስ ጠበቀውና፣ ጉልበቷን አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ የምታደርግ ሳጥን ከፈተለት።

«ይቺ ምን ታደርጋለች?» አለ ናኦድ።

«ትንሽ ሰው ታስመስልሃለች።»

«እኔ ሰው አይደለሁም እንዴ?»

«አንተማ ነህ። አጨዋወትህ ግን ገና ነው።»

ሁልጊዜ የሚላት ነገር አለችው፤ «ትንሽ ብቻ ልንካት።» አንድ ዘፈን ለትንሣኤ ሊደርስ ተቀርጾ፣ በዚች «ትንሽ ብቻ» ምክንያት ለመስቀል ወጥቷል። ዘፋኙ መሃል ላይ ፂም አሳድጎ ነበር።

እንዲህ እያለ ባለበት ነው ልዩ የመጣችው። ልዩ የጋሼ ቀለመወርቅ የመጨረሻ ልጅ ናት። ጋሼ ቀን መሥሪያ ቤት ሲሠሩ፣ ማታ ካዛንቺስ ሆቴሎች ውስጥ ፒያኖ ሲጫወቱ የኖሩ ሰው ናቸው። ልዩ ስትወለድ በባቲ ቅኝት አንዲት አጭር ዜማ ሠሩላት። ልጅቱ ከፍ ስትል ደግሞ፣ «ለሠርግሽ ቀን አዳራሽ ስትገቢ ይህችን የምጫወትልሽ እኔ ነኝ» ብለው ቃል ገቡላት። ባለፈው ዓመት ስትሮክ መታቸው። ግራ እጃቸው ጭናቸው ላይ እንደተኛ ቀረ። ቀኙ ቢመለስም ሻይ የያዘ ብርጭቆ ያንቀጠቅጠዋል። የልዩ ሠርግ ሲቆረጥ ጋሼ፣ «ዲጄው ያጫውትሽ» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

«ዲጄ አልፈልግም» አለች ልዩ፣ ስቱዲዮው በር ላይ እንደቆመች። «እሳቸው ካልተጫወቱ እኔ አዳራሽ አልገባም። በቃ፣ በጓሮ እገባለሁ።»

ተከስተ ብዙ አሰበ። ስለ በር አንኳኳቷ እንኳን አስተያየት አልሰጠም።

«ጣታቸው ይነሳል?» አላት።

«አንዷ ደህና ትነሳለች።»

«አንድ ትበቃኛለች።»

ጋሼን ለማምጣት ዋሸ። «አዲስ ኪቦርድ ገዝቼ ጆሮዎን ላውሰው ብዬ ነው» አላቸው። ሰውን ሁሉ ሲያርም የኖረ ሰው ልታረም ብሎ ሲመጣባቸው ጋሼም እምቢ ማለት አልቻሉም። ከዘራቸውን ይዘው መጡ፣ ተቀመጡ፣ ጠቋሚ ጣታቸውን አንድ ነጭ ቁልፍ ላይ አሳረፉ። የወጣው ድምፅ ዝንብ መስታወት ላይ ስታርፍ የምታሰማውን ያህል ነው። እኔ ተከስተን አየሁት። ቁጥሩ አፉ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠው። ቁጥር ሲውጥ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

«አንዴ ገመዱን ላስተካክል» አለና የላፕቶፑን ማውስ፣ አይጧን፣ ነካ ነካ አደረገ። «አሁን ይሞክሩት፣ ጋሼ።»

ጋሼ ያችኑ ቁልፍ በዚያችው ጣት ነኩ። ክፍሉ ሞላ። ሦስት ድምፅ ተደጋግፎ፣ ክብ ሆኖ፣ ሞቆ ወጣ። ጋሼ ጣታቸውን አዩ። ኪቦርዱን አዩ። ተከስተን አዩ። ተከስተ የእንቁላል ካርቶኑን ያያል።

«ጥሩ ኪቦርድ ነው» አሉ ጋሼ።

«የጀርመን ነው» አለ ተከስተ። በቻይና የተሠራ የሚለው ጽሑፍ እኔ ከቆምኩበት ይታያል።

ከዚያ ወዲህ ጋሼ በየሳምንቱ እየመጡ ተለማመዱ። ጣታቸው ኮርዱ ሳያልቅ ይደክምና ይነሳል፤ ስለዚህ ተከስተ ሦስተኛ ሳጥን ጨመረ። ይህችኛዋ ኮርዱን በትና ድምፆቹን አንድ በአንድ እንደ ካፊያ የምታንጠባጥብ፣ ጣት ቢነሳም ሌላ ቁልፍ እስኪመታ ድረስ የማታቋርጥ ናት። ሳጥኖቹን ለጋሼ አልነገራቸውም። «ከዳኑ ራሳቸው የዳኑ ይምሰላቸው» አለን። ልዩም፣ እኔም፣ እማማ ፍረወይኒም ምሥጢሩ ውስጥ ገባን። ዕለት ዕለት «ጋሼ፣ እጅዎ እኮ በረታ!» እያልን ሦስት ውሸታም ሴቶች ሆንን።

ክቡር አቀናባሪ ግን አመሉ አመል ነውና ዝም ብሎ መስማት አልሆነለትም።

«ጋሼ፣ ሁለተኛዋን ትንሽ ላላ ቢያደርጓት…»

«አንተ ልጅ፣ አንተ ሳትወለድ ጀምሮ እኔ እሷን ሳላላት ነበር።»

«እሺ፣ ጋሼ።»

«እሺ አትበለኝ፤ ስማ።»

ይሰማል። ጋሼ ሲጫወቱ ከንፈሩን ነክሶ፣ ሁለት እጁን ብብቱ ውስጥ ከቶ ይሰማል። እጁን እዚያ የሚከተው አይጧን እንዳይነካ ይመስለኛል።

ሠርጉ ካዛንቺስ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነበር። ጋሼ ጥቁር ሱፋቸውን ለብሰው መድረኩ ጥግ ኪቦርዱ ፊት ተቀመጡ። ተከስተ ላፕቶፑን ይዞ ከትልቁ የአበባ ማስቀመጫ ኋላ ተደበቀ፤ እኔን ልዩ «አብረሽው ሁኚልኝ፤ ከደነገጠ ውሃ ስጭው» ብላ ከጎኑ አስቀመጠችኝ። ልዩ በር ላይ ታየች። እልልታው ተነሳ። ጋሼ ጣታቸውን አሳረፉ።

እልልታው ራሱ ቆመ። ሰው ሊሰማ ፈልጎ ነው የቆመው። ያችን ዜማ ልዩ በሕፃንነቷ ስትሰማት የነበሩ ዘመዶች ያውቋት ነበርና ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ጀመር። ልዩ ቬሏን ረግጣ ልትወድቅ ነበር፤ ዓይኗ አባቷ ላይ ነዋ። ተከስተ በጆሮዬ፣ «ሰባ አራት… ስልሳ… ኦ፣ ዘጠና!» ይለኛል፤ ኳስ የሚያስተላልፍ ጋዜጠኛ ሆኗል።

ልዩ አዳራሹ መሃል ስትደርስ የጎን በር ተከፈተና የጋሼ የነፍስ አባት መምሬ ዘአማኑኤል መስቀላቸውን ይዘው ገቡ። ዘግይተው ነው።

ጋሼ ቀለመወርቅ ሐኪም ቤት ተኝተው ሳሉ እንኳን መምሬ ሲገቡ ሳይነሡላቸው ቀርተው አያውቁም። ተነሡ። እሳቸው ሲነሡ አዳራሹ በሙሉ ተነሣ። ተከስተም እናት ያሳደገችው ልጅ ነው፤ ላፕቶፑን ትቶ እጁን አጣምሮ ተነሣ። ሳይነሳ የቀረው ዜማው ብቻ ነው። ጋሼ ጎንበስ ብለው በከዘራቸው ወደ መምሬ ይሄዳሉ፣ ባዶ ወንበራቸው ፊት ያለው ኪቦርድ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ እያለ ይጫወታል። ጋሼ መስቀል ተሳለሙ፤ ይጫወታል። መምሬ ኪቦርዱን አዩት። ከዚያ ለጥንቃቄ ብለው ወደ እሱም መስቀላቸውን አንዴ ወዝወዝ አደረጉ። አሁንም ይጫወታል።

«ውይ፣ ቴፕ ነው ለካ!» አለ አንድ ድምፅ። የሙሽራው አጎት አቶ ሃብተአብ ናቸው። «ፕሌይባክ ነው ባካችሁ! እኔ ደግሞ እንባዬ መጥቶ ነበር!»

ሳቅ ከኋላ ጠረጴዛ ተነሥቶ ወደ ፊት መጣ። ልዩ ባለችበት ደርቃ ቀረች። ከሠርጉ ይልቅ የፈራችው ይህን ነበር፤ አባቷ በሰው ፊት እንዲሳቅባቸው አይደለም ያመጣቻቸው። ተከስተ ዘሎ አይጧ ላይ ተደፋና ድምፁን አቋረጠው።

ጋሼ በዝግታ ዞሩ።

«አቶ ሃብተአብ፣ መነጽር አድርገዋል?»

«አዎን» አሉ አቶ ሃብተአብ፣ ለማረጋገጥ ነካ አድርገውት።

«ሙሽራዋን እያየ ያለው ማነው? እርስዎ ነዎት ወይስ መነጽርዎ?»

«እኔ ነኝ እንጂ።»

«እኔም እንደዚያው ነኝ። ቁጭ ይበሉ፤ ገና አልጨረስኩም።» ከዚያ ወደ አበባው ዞረው፣ «ተከስተ! ያችን የምታንጠባጥበዋን ሳጥንህን መልሳት። ልዩ፣ አንቺም ውጪና እንደገና ግቢ። እርስዎ ግን አይውጡብኝ፣ አባቴ።»

መምሬ ሳቁ። መምሬ ሲስቁ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ይህኛው ሳቅ ግን ሌላ ሳቅ ነው። ልዩ ቬሏን ሰብስባ እየሮጠች ወጣችና እንደገና ገባች። በሕይወቴ አንዲት ሙሽራ ሁለቴ ስትገባ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እልልታውም ሁለተኛው በለጠ። አቶ ሃብተአብ መጨረሻ ላይ መነጽራቸውን አውልቀው ሲጠርጉ ነበር።

ማምሻውን ጋሼን፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቁት?» አልኳቸው።

«ከመጀመሪያው ቀን ነዋ። ልጄ፣ አንድ ጣት አስቀምጬ ሦስት ድምፅ ሲመጣ፣ ጣቶቼ ተባዙልኝ ብዬ ላምን ነው?»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ልጁ ደስ ብሎት ነበራ! አሁን እኔ ይህን ደስታ ላበላሽ?» ትንሽ አሰቡና ደግሞ ሳቁ። «ጀርመን ብሎኝ እኮ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ክቡር አቀናባሪያችን ጨርሶ አልቻልነውም። ወሬው ከካዛንቺስ እስከ ቄራ ተዛምቷል። «የጋሼን ቬሎሲቲ አድርግልን» የሚል ደንበኛ በሩን ሲያንኳኳ ይውላል። እሱም ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ደገፍ ብሎ፣ እንደ ባህል ሐኪም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እሷ ለሁሉም አትሆንም። ለእያንዳንዱ ጣት የየራሷ ቅመም አላት» ይላቸዋል። ናኦድ ሁለት ጊዜ ተመላልሶ ለምኗታል።

ስለ እሱ እየጻፍኩ መሆኔን ስነግረው፣ ካላነበብሽልኝ አለ። አነበብኩለት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማና፣ «ሁለተኛዋ አንቀጽ ጠንክራለች፤ ወደ ሰማንያ አውርጃት» አለኝ። አላወረድኳትም። ስለ በሩም፣ ስለ ጋዲሳም፣ ስለ ታክሲውም፣ ሁሉንም እንደፈለግሁ እንድጽፍ ፈቀደልኝ። ሲጨርስ ግን በሩን ገርበብ አድርጎ፣ «አንዷን ነገር ብቻ ተዪልኝ። ደንበኞቼ እንዳይሰሟት» አለ።

በሠርጉ ቀን ከጎኑ ተቀምጬ ስክሪኑን ሳይ ስለዋልኩ ነው የፈራኝ። ኮርድ የምታደርገዋ ሳጥን በርታለች፤ የምታንጠባጥበዋም በርታለች። ቬሎሲቲዋን ግን ከሠርጉ በፊት ራሱ አጥፍቷት ነበር። ያን ቀን አዳራሹ የሰማው መጥበቅና መላላት በሙሉ የጋሼ ቀለመወርቅ የራሳቸው ጣት ነው።